ጄቱ 3 ሚሊዮን፣ ወረቀቱስ? ያገለገለ የግል ጄት ስለመግዛትና ስለመከራየት

ያገለገለ የግል ጄት ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሁሉ የሚለው ነገር አንድ ነው፣ «እንዴ፣ ይሄን ያህል ብቻ?» እውነቱን ነው። 8 ሰው ዘና ብሎ የሚቀመጥበት፣ ከዋሽንግተን ተነስቶ ሎስ አንጀለስ ሳያርፍ የሚገባ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ያገለገለ ሆከር 800ኤክስፒ ዛሬ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ይጠራል። አዲስ ገልፍስትሪም ጂ700 ልግዛ ብትሉ ደሞ ከ75 ሚሊዮን በላይ ነው። መጠናቸውም የሚሄዱት ርቀትም እኩል እንዳልሆነ ግልጽ ነው፣ ግን ልዩነቱን ሁሉ እሱ አይገልጸውም። አሮጌው የረከሰው መብረር አቅቶት ሳይሆን ከግዢው በኋላ በሚመጣው ወጪና በወረቀቱ ምክንያት ነው። ወረቀት ስል የጥገና መዝገቡን፣ የባለቤትነት ማስረጃውን፣ የሚያበረው ድርጅት ያለውን ፈቃድ ነው። ስትገዙም ሆነ ስትከራዩ ገንዘባችሁ በዋናነት የሚሄደው ለሱ ነው፣ ብረቱ ሁለተኛ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ጉዳዩ አሁን የሞቀበት ዋናው ምክንያት ታክስ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2017 የወጣው የታክስ ሕግ ቢዝነስ ያለው ሰው የገዛውን አውሮፕላን ሙሉ ዋጋ በመጀመሪያው ዓመት ዴፕሪሲዬሽን (የእርጅና ቅናሽ) ብሎ ከትርፉ ላይ እንዲቀንስ ፈቀደ፣ ትልቁ ለውጥ ደሞ አዲስ ብቻ ሳይሆን ያገለገለ አውሮፕላንም፣ ገዢው ከዚያ በፊት ተጠቅሞበት እስካላወቀ ድረስ፣ መካተቱ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ቅናሹ በየዓመቱ 80፣ 60፣ 40 ፐርሰንት እያለ ወርዶ ሊያልቅ ሲል ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ከጃንዋሪ 19 ቀን 2025 በኋላ ለተገዛ ንብረት 100 ፐርሰንቱን መለሰው። ከዛ ወዲህ ጄት የሚሸጥ ደላላ ሁሉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ይሄ ሆነ። ዲሲ፣ ዳላስ፣ አትላንታ ደህና ቢዝነስ የያዙ የኛ ሰዎች ጋም መድረሱ አይቀርም።

የደላላው ሂሳብ እንዲህ ነው፣ «5 ሚሊዮን ዶላር ጄት ግዛ፣ 37 ፐርሰንቱ የታክስ ደረጃ ላይ ከሆንክ 1.85 ሚሊዮን ታክስ ቀረልህ፣ ስለዚ ጄቱን በ3.15 ሚሊዮን አገኘኸው።» ቁጥሩ ልክ ነው፣ ችግሩ ያልተነገረው ላይ ነው። 5 ሚሊዮኑ የሚቀነስለት ትርፍ በዛ ዓመት ሊኖራችሁ ይገባል። አውሮፕላኑ ከ50 ፐርሰንት በላይ ለቢዝነስ መብረር አለበት፣ ያውም በገዛችሁበት ዓመት ብቻ ሳይሆን በሚቀጥሉትም ጭምር፣ ከዛ ከወረደ ቅናሹ ወደኋላ ይታሰብና መመለስ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ግን ደላላው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ነገር፣ ጄቱን ስትሸጡት ያ የተቀነሰላችሁ ዴፕሪሲዬሽን እንደ ተራ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ይጠየቅበታል፣ ማለትም 1.85 ሚሊዮኑ አብዛኛው ስጦታ ሳይሆን ቀኑ የተራዘመ እዳ ነው። የአሜሪካው ታክስ ሰብሳቢ አይአርኤስ ደሞ በፌብሩዋሪ 2024 የኩባንያ ጄት ለግል ጉዞ የሚጠቀሙትን ኦዲት አደርጋለሁ ብሎ በይፋ ተናግሯል። ቤተሰብ ይዞ ካንኩን ሄዶ መዝገቡ ላይ «የቢዝነስ ስብሰባ» ብሎ መጻፍ ድሮም አያዋጣም ነበር።

እሺ ታክሱን እንተወውና የኪሱን ሂሳብ እንሥራ። ያን ሆከር በ2.5 ሚሊዮን ገዛችሁት እንበል፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ ግን ከእውነቱ ብዙ አይርቁም። ሁለት ፓይለት ያስፈልገዋል። የነሱ ደመወዝ፣ በየዓመቱ ሲሙሌተር ላይ የሚሰለጥኑበት ክፍያ፣ የሃንጋር ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ የናቪጌሽን ዳታ፣ ዋይፋይ ምናምን ተደምሮ በዓመት 800,000 ዶላር ቢደርስ የሚገርም አይደለም፣ ይሄ ደሞ ጄቱ ሃንጋር ውስጥ ተኝቶ ቢከርምም የሚከፈል ነው። በበረረ ቁጥር የሚመጣው ሌላ ነው፣ ነዳጁ በሰዓት ከ250 ጋሎን በላይ፣ ለሞተሩ በየሰዓቱ የሚቀመጠው፣ ጥገናው፣ የማረፊያ ክፍያው፣ ሁሉንም በሰዓት 4,000 ዶላር እንበለው። በዓመት 100 ሰዓት ብቻ ከበረራችሁ 800,000 እና 400,000 ተደምሮ 1.2 ሚሊዮን፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት 12,000 ዶላር ወጣ። ተመሳሳይ መጠን ያለው ጄት ቻርተር (ከነፓይለቱ በኪራይ) ብትይዙ በሰዓት ከ6,000 እስከ 8,000 አካባቢ ነው፣ 7.5 ፐርሰንት የፌደራል ታክስ ተጨምሮበትም ከራሳችሁ ጄት በብዙ ይረክሳል። 300 ሰዓት ከበረራችሁ ግን አጠቃላዩ 2 ሚሊዮን ይሆንና በሰዓት ወደ 6,700 ይወርዳል፣ ያኔ መግዛት ትርጉም መስጠት ይጀምራል። በሙያው ያሉ ሰዎች በዓመት 200 ሰዓት የማይሞላ ሰው አይግዛ የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። ይሄ ሁሉ ደሞ ጄቱ በየዓመቱ ከዋጋው የሚወርደውን ሳይጨምር ነው እንግዲህ።

እዚህ ጋ ደላላው ሁለተኛ ካርዱን ይመዛል፣ «አንተ በማትበርበት ጊዜ እናከራይልሃለን፣ ጄቱ ራሱን ይችላል።» የቻርተር ፈቃድ ያለው ድርጅት ጋ ታስገቡታላችሁ፣ ከኪራዩ በአብዛኛው 85 ፐርሰንት አካባቢ ለናንተ፣ ቀሪው ለድርጅቱ። ወጪ ይቀንሳል፣ አዎ። ራሱን ይችላል የሚለው ግን በጣም ጥቂት ሰው የደረሰበት ነገር ነው፣ ምክንያቱም ነዳጁና ጥገናው ከናንተ 85 ፐርሰንት ላይ ነው የሚወጣው፣ ሰዓቱም እየተቆጠረ የሞተሩ ትልቁ ጥገና ቶሎ ይመጣል፣ መቀመጫውም ያልቃል፣ እናንተ ለገና ስትፈልጉት ደሞ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ለገና ነው።

ባለሀብቱ ዋረን ባፌት በዚህ ነገር ላይ ከማንም በላይ ቀልዷል። ለዓመታት የኩባንያ ጄት ብክነት ነው ሲል ኖሮ በ1986 ኩባንያው በርክሻየር ያገለገለ ጄት በ850,000 ዶላር ገዛ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ እሱን ሸጦ ሌላ ያገለገለ በ6.7 ሚሊዮን ዶላር አመጣ፣ ስሙንም «ተከራክረው የማያስረዱለት» ዓይነት ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። በመጨረሻ ግን ያደረገውን እዩ፣ የኔትጄትስ ደንበኛ ሆነ፣ በ1998 ደሞ ድርጅቱን ራሱን በ725 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ኔትጄትስ ማለት ሙሉ ጄት ሳይሆን ድርሻ የሚሸጥ ነው፣ የጄቱን 1/16ኛ ገዝታችሁ በዓመት 50 ሰዓት የምትበሩበት አሠራር፣ ይሄ ሐሳብ እነሱ ጋ በ1986 ነው የተጀመረው። ለአንድ ሰው ጥገናውንም ፓይለቱንም ወረቀቱንም ራሱ ከሚሸከም ለሚሸከምለት መክፈል እንደሚሻል ሰውየው ቀድሞ ገብቶታል።

ምርመራው ላይ የሚወጣው ጉድ

አሁን እንገዛለን ብላችሁ ወሰናችሁ እንበል። ቅደም ተከተሉ ይሄን ይመስላል፣ የፍላጎት ደብዳቤ ትጽፋላችሁ፣ ቀብድ ኤስክሮ (በገዢና በሻጭ መሃል ሆኖ ገንዘብ የሚይዝ) ድርጅት ጋ ይቀመጣል፣ ዝርዝር ውል ይፈረማል፣ ከዛ ጄቱ ሁለታችሁም የተስማማችሁበት የጥገና ማዕከል ሄዶ የቅድመ ግዢ ምርመራ ይደረግለታል። የምርመራውን ክፍያ ገዢ ይችላል፣ ለመብረር የማያበቃ ጉድለት ከተገኘ ደሞ በተለመደው አሠራር ማሠሪያውን ሻጭ ይችላል። ዋናው ነገር ማዕከሉ እስካሁን ጄቱን ሲጠግን የኖረው መሆን የለበትም፣ የራሱን ሥራ ራሱ «ስህተት ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው የለማ።

ምርመራው ላይ ምን እንደሚደረግ ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። ቴክኒሺያኑ ቦሮስኮፕ የሚባል ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በሞተሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አስገብቶ የውስጡን ምላጮች አንድ በአንድ ያያል፣ የተቃጠለ፣ የተሰነጠቀ፣ ወፍ ወይ ጠጠር የመታው ካለ እዛ ይታያል። ከዛ ምንጣፉን ያነሱና የወለሉን ፓኔል ይከፍታሉ፣ በተለይ ሽንት ቤቱና ቡና የሚፈላበት ቦታ ስር ያለውን። ለምን ብትሉ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠብ ጠብ ያለው ውሃና የሽንት ቤት ፈሳሽ የሚጠራቀመው እዛ ነው፣ አሉሚኒየሙን ቀስ ብሎ ይበላዋል፣ ከላይ ቆዳ ወንበሩ አዲስ ሆኖ እንጨቱ እያብረቀረቀ ከስር ግን ዝገት ይገኛል። ጄቱ ፍሎሪዳ ወይ ሌላ ባሕር ዳርቻ ከኖረ ጨዉም አለ። አንድ የዝገት ጥገና መዋቅሩ ውስጥ ከገባ ሒሳቡ በመቶ ሺዎች ነው የሚቆጠረው፣ ጄቱም ለወራት ይቆማል።

ከብረቱ በላይ ጊዜ የሚወስደው ግን ወረቀቱ ነው። ጄቱ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ያለው ሎግቡክ ገጽ በገጽ ይነበባል፣ እያንዳንዱ ዕድሜ የተወሰነለት ዕቃ መቼ ተገጠመ፣ ከየት መጣ፣ ማን ፈረመበት። አንድ ሎግቡክ ከጠፋ ወይ ለጥቂት ዓመት የተጻፈ ነገር ከሌለ ጄቱ የፈለገ ቢያምር ዋጋው ይወድቃል፣ ምክንያቱም ያልተጻፈ ጥገና እንዳልተደረገ ነው የሚቆጠረው። የአውሮፕላን ምርመራ ደሞ በሰዓት ብቻ ሳይሆን በካላንደርም ይመጣል፣ ቻሌንጀር 604 በየ96 ወሩ ትልቅ ምርመራ አለው፣ ላንዲንግ ጊር (የሚያርፍበት እግሩ) በብዙ ሞዴሎች 12 ዓመት አካባቢ ሲሞላው ወልቆ ይታደሳል። ስለዚ «ብዙ ያልበረረ» የሚባል ጄት ስታዩ ቶሎ አትደሰቱ፣ ዝም ብሎ የቆመ ጄት ጎማውም ጎሚኒውም ይደርቃል፣ ምርመራውም አይቀርለትም። በገበያው ርካሽ ሆኖ የሚታየው ጄት በአብዛኛው ትልቁ ምርመራ ሊመጣ ሦስት ወር የቀረው ነው።

የሞተሩ ነገር ለብቻው ነው። ብዙ ባለቤቶች ሞተሩን በፕሮግራም ያስገቡታል፣ ማለትም በበረሩ ቁጥር ለየሞተሩ በሰዓት ጥቂት መቶ ዶላር ለአምራቹ ወይ እንደ ጄኤስኤስአይ ላለ ድርጅት ይከፍላሉ፣ ትልቁ ጥገና ሲመጣ እነሱ ይሸፍኑታል። ፕሮግራም ውስጥ ያለ ጄትና የሌለ ጄት አጠገብ ለአጠገብ ቆመው ምንም ልዩነት አይታያችሁም፣ ዋጋቸው ግን ይለያያል፣ የአንድ መካከለኛ ጄት ሞተር ሙሉ ጥገና ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር ተነስቶ ሚሊዮን ሊያልፍ ይችላልና፣ ሞተሩ ደሞ ሁለት ነው። ሻጩ በፕሮግራሙ ክፍያ ወደኋላ የቀረበት ካለም ስሙ ሲዞር ነው የሚወጣው፣ እዳውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ካልተጻፈ ጭቅጭቅ ነው።

በ2021 እና በ2022 ይሄ ሁሉ ተረስቶ ነበር። ከኮቪድ በኋላ ሁሉም ሰው ጄት ፈለገ፣ በ2022 መጀመሪያ ላይ ለሽያጭ የቀረበው ከዓለም ጄት ውስጥ ከመቶ 3 አካባቢ ብቻ ነበር፣ በደህናው ጊዜ 10 ገደማ ነው። ሻጮች «ምርመራ ካልክ ሌላ ገዢ አለኝ» እያሉ፣ ገዢዎችም ሳያስመረምሩ ገዙ። ያኔ የተገዙት አሁን ተመልሰው ገበያ ላይ እየወጡ ነው፣ ስለዚ በ2021 ወይ በ2022 ስሙ የዞረ ጄት ካጋጠማችሁ ያኔ የተደረገውን የምርመራ ሪፖርት አሳዩኝ በሉ። ከሌለ የናንተ ምርመራ ለሁለት ገዢ የሚሆን መሆን አለበት።

እዳው አብሮ ይበራል

መኪና ስትገዙ እዳና እገዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ ሳታስወጡ እንደማትከፍሉት ሁሉ እዚህም አለ፣ የአሜሪካ አውሮፕላን ከሆነ ኦክላሆማ ሲቲ ያለው የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት) መዝገብ ይታያል፣ ከዛ በተጨማሪ በአውሮፕላን ላይ ያለ እዳና መብት በሚመዘገብበት የኬፕታውን ስምምነት መሠረት የተቋቋመው ደብሊን ያለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ይፈተሻል። (ይሄ የአውሮፕላን ስምምነት በ2006 ሥራ ላይ እንዲውል መጀመሪያ ካፀደቁት ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነች፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።) ግን መዝገብ ላይ የሌለ እዳም አለ። ኦገስት 2024 ላይ የፓሪስ ፍርድ ቤት ሦስት የናይጄሪያ መንግሥት አውሮፕላኖች እንዲያዙ አዘዘ፣ አንዱ ዳሶ ፋልኮን 7ኤክስ፣ አንዱ ቦይንግ 737፣ ሦስተኛው ናይጄሪያ ያኔ ገና እየተረከበችው የነበረ ያገለገለ ኤርባስ ኤ330 ነበር። ምክንያቱ ከአውሮፕላኖቹ ጋ ምንም የማይገናኝ ነው፣ ኦጉን ግዛት ውስጥ በነፃ ንግድ ቀጠና ጉዳይ የተጣላ ዦንግሻን የሚባል የቻይና ኩባንያ በግልግል ዳኝነት ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ተፈርዶለት ነበር፣ ገንዘቡን ሲያጣ ውጭ አገር የተገኘ ንብረት ማሳደድ ጀመረ። ኤ330ውን ኩባንያው የናይጄሪያው ፕሬዚዳንት ቲኑቡ የፈረንሳዩን ማክሮን ሊያገኝ እንዲሄድበት ለቀቀው። አስቡት፣ ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ለመግዛት ቀብድ ከፍላችሁ ብትሆኑስ?

የያኔው የቬንዝዌላ መሪ የማዱሮ ጄትም አለ። ያገለገለ ፋልኮን 900ኢኤክስ ከፍሎሪዳ በ13 ሚሊዮን ዶላር በካሪቢያን የወረቀት ኩባንያ ስም ተገዝቶ ቬንዝዌላ ገባ፣ በሴፕቴምበር 2024 አሜሪካ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ያዘችው። ስለዚ አሁን ባንኩም ኤስክሮውም ከኩባንያው ስም ጀርባ ያለው ሰው ማነው፣ ገንዘቡስ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል፣ ከአፍሪካ ወይ ከገልፍ የሚመጣ ገዢ ደሞ ድርብ ይጠየቃል። ፍትሐዊ ነው አይደለም ሌላ ጉዳይ ነው፣ ጊዜ ይወስዳልና ቀድሞ መዘጋጀት ነው።

ኤስክሮም ራሱ መላእክት አይደለም። ኦክላሆማ ውስጥ የአውሮፕላን ባለቤትነት ምዝገባና ኤስክሮ ትሠራ የነበረች ሴት በ2023 ቴክሳስ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብላ 16 ዓመት ተፈረደባት፣ ከክሶቹ አንዱ ጭራሽ ለሽያጭ ያልቀረቡ አውሮፕላኖች «ቀብድ» እየተባለ የተሰበሰበ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የፒራሚድ ዓይነት ማጭበርበር ነው። አውሮፕላኖቹ በእውን ያሉ ነበሩ፣ የሌላ ሰው ንብረት ሆነው ነው እንጂ። ከዚህ ሌላ በየቀኑ የሚያጋጥመው ኢሜይል መጥለፍ ነው፣ መዝጊያው ቀን ላይ «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል ከኤስክሮው የመጣ የሚመስል ኢሜይል ይመጣል። ማድረግ ያለባችሁ ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን መጀመሪያ ራሳችሁ ባገኛችሁት ስልክ ደውሎ ቁጥሩን በቃል ማስነበብ ነው።

ኮንትራት ስትይዙ

ለአብዛኛው ሰው ግን መግዛቱ ሳይሆን መከራየቱ ነው የሚመጣው፣ ለሠርግ፣ ለሕመምተኛ፣ ለቢዝነስ። እዚህ ጋ ወረቀቱ አንድ ነው፣ ፈቃድ። አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ ተቀብሎ ሰው ለማጓጓዝ ፓርት 135 የሚባል የኤፍኤኤ ሰርተፍኬት ያስፈልጋል፣ አውሮፓ ውስጥ ደሞ ኤኦሲ ይባላል። የራሱን ጄት ለራሱ የሚያበር ሰው ያለበት ሕግ ላላ ያለ ነው፣ የፓይለት ዕረፍቱም፣ የማኮብኮቢያው ርዝመትም፣ ሥልጠናውም። ሰው ከፍሎ ሲሳፈር ግን ጥብቅ ይሆናል፣ ለምሳሌ ፓርት 135 ላይ ጄቱ ሲያርፍ ካለው ማኮብኮቢያ 60 ፐርሰንቱ ውስጥ ቆሞ መጨረስ እንደሚችል መታሰብ አለበት። ሕገወጥ ቻርተር ማለት እንግዲህ በላላው ሕግ እየበረሩ እንደ ጥብቁ ማስከፈል ነው፣ ርካሽ የሚሆነውም ለዛ ነው።

ኳስ የምትከታተሉ ኤሚሊያኖ ሳላን ታስታውሱታላችሁ። ጃንዋሪ 2019 ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲሄድ የወደቀችው ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ማሊቡ ጄት አልነበረችም፣ ታሪኩ ግን የዚሁ ነው፣ አብራሪው ከፍሎ የሚሳፈር ሰው ለመጫን የሚያበቃ ፈቃድ አልነበረውም፣ የማታ በረራ ፈቃድም አልነበረውም፣ መርማሪዎቹ ደሞ ካቢኑ ውስጥ የጭስ መርዝ እንደገባ አረጋገጡ። በረራውን ያቀናበረው ሰው በ2021 18 ወር ተፈረደበት። ጄት ከፈለጋችሁ ደሞ በፌብሩዋሪ 2005 ኒው ጀርሲ ቴተርቦሮ ላይ አንድ ቻሌንጀር ከመሬት መነሳት አቅቶት ከማኮብኮቢያው አልፎ፣ ዋና መንገድ ተሻግሮ ከመጋዘን ጋ ተላትሟል። ነዳጁ ተጭኖ የጄቱ ክብደት ወደፊት ከሚፈቀደው በላይ አጋድሎ ነበር፣ ሲያከራይ የነበረው ፕላቲነም ጄት የራሱ የቻርተር ፈቃድ አልነበረውም፣ በሌላ ድርጅት ፈቃድ ስም ነበር የሚሠራው። ሰው አልሞተም፣ ኃላፊዎቹ ግን ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋተኛ ተባሉ።

ስለዚ ስትከራዩ መጠየቅ ያለባችሁ «ጄቱ የስንት ዓመት ነው» ብቻ አይደለም። «የሚያበረው ድርጅት ማነው፣ የሰርተፍኬቱ ቁጥር ስንት ነው፣ ይሄ የጅራት ቁጥር (የጄቱ ታርጋ) ሰርተፍኬቱ ላይ ተመዝግቧል?» በሉ። የምታነጋግሩት ሰው በአብዛኛው ደላላ ነው፣ ደላላ መሆኑ ነውር የለውም፣ ግን ማን እንደሚያበር ሊነግራችሁ ካልፈለገ ስልኩን ዝጉት። ሌላ ምልክት ልንገራችሁ፣ አንድ ወረቀት አውጥቶ «ጄቱን ከኛ ትከራዩታላችሁ፣ ፓይለቱን ለብቻ ትቀጥራላችሁ» ካለና ፓይለቱንም ራሱ ካመጣው፣ በዛ ፊርማ ኃላፊነቱን በሙሉ እናንተ ላይ አዞረው ማለት ነው፣ አደጋ ቢደርስ ሕጉ ፊት አብራሪው ድርጅት እናንተ ናችሁ፣ ኢንሹራንሱም ላይከፍል ይችላል።

ይሄ ነገር ገዢዎችንም ይይዛቸዋል፣ ለዚህ ነው የማነሳው። ብዙ ሰው ጄቱን ለመያዝ ብቻ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ያቋቁምና ኤልኤልሲው ፓይለት ቀጥሮ ጄቱን ያበራል፣ ወጪውን ከሌላው ቢዝነሱ ያስከፍላል። ብልህ ይመስላል፣ ጠበቃም ሳይቀር የሚመክረው አለ፣ ኤፍኤኤ ግን ሥራው ጄት ማብረር ብቻ የሆነ ኩባንያ ገንዘብ ከተቀበለ ያ ያለ ፈቃድ ቻርተር ነው ይላል። ወዳጅ ዘመድ አሳፍሮ «ለነዳጅ ተባበሩኝ» ማለትም እዛው ውስጥ ነው። የኛ ሰው መዋጮ ይወዳል፣ እዚህ ላይ ግን መዋጮው ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ስለ ጄት ካርድ በአጭሩ፣ 100,000 ወይ 200,000 ዶላር አስቀድማችሁ ትከፍሉና እየበረራችሁ ይቀነሳል። ምቹ ነው፣ ግን ብዙ ቦታ ያ ገንዘብ ለብቻው አይቀመጥም፣ ድርጅቱ ሲወድቅ እናንተ እንደማንኛውም አበዳሪ ተሰልፋችሁ ገንዘባችሁን የምትጠይቁ ናችሁ። ጄትስዊት የሚባለው የጄት ድርጅት ኤፕሪል 2020 ላይ ሲከስር ደንበኞቹ ያዩት ይሄን ነው። ሌላው የጄት ድርጅት ዊልስ አፕም በ2023 አፋፍ ላይ ደርሶ ዴልታ አየር መንገድ ያለበት ቡድን 500 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ደርሶለት ነው የተረፈው።

የመንግሥት ሲሆን

አፍሪካ ውስጥ ይሄ ጉዳይ ዜና የሚሆነው መሪ ሲነካው ነው፣ ሂሳቡ ግን ያው ነው። ማላዊ በ2009 በፕሬዚዳንት ቢንጉ ሙታሪካ ጊዜ ያገለገለ ፋልኮን 900ኢኤክስ በ13.26 ሚሊዮን ዶላር ገዛች፣ ለጋሾች ተቆጡ፣ ጆይስ ባንዳ ፕሬዚዳንት ሆና ስትመጣ ለኢንሹራንስና ለጥገና ብቻ በዓመት 300,000 ዶላር ይበላል ብላ በ2013 በ15 ሚሊዮን ሸጠችው። ከተገዛበት በላይ መሸጡ በራሱ ብርቅ ነው፣ ግን ገንዘቡ የት ገባ የሚለው ጭቅጭቅ ከጄቱ በላይ ዕድሜ ኖረ።

ኬንያ ደሞ የቻርተሩ ምሳሌ ነች። ፕሬዚዳንት ሩቶ በሜይ 2024 ወደ አሜሪካ ሲሄድ የአቡዳቢው ሮያል ጄት የሚያከራየውን ቦይንግ ይዞ ሄደ፣ የኬንያ ሚዲያ 200 ሚሊዮን ሽልንግ ገደማ ነው ብሎ ገመተ፣ እሱ ከ10 ሚሊዮን አይበልጥም አለ፣ እንዴት ሲባል ወዳጆች ረድተውኝ ነው አለ። የኔ ጥያቄ ከዋጋው ይልቅ እሱ ላይ ነው፣ ለአንድ አገር መሪ የቻርተር ደረሰኝ ላይ የከፋዩ ስም ከገንዘቡ መጠን ይበልጣል። ጄቱን በግልጽ ዋጋ መከራየት ለድሃ አገር ከመግዛት ይሻላል ብዬ ነው የማምነው፣ ደረሰኙ ከተሸፈነ ግን ጥቅሙ ሁሉ ጠፋ።

አዲስ አበባ ላይ ለመከራየት ወይ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ካለ አንድ የተረሳ ነገር ላክል፣ ከፍታው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ አይገፋም፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ማኮብኮቢያው 3,700 ሜትር ገደማ ሆኖ ቢረዝምም ችግሩ ርዝመቱ አይደለም፣ አንድ ሞተር ልክ ሲነሳ ቢጠፋ በቀረው አንድ ሞተር ወደላይ መውጣት መቻሉ ነው። ለዛ ሲባል ክብደት ይቀነሳል፣ ክብደት ማለት ደሞ ነዳጅ ነው። ብሮሹሩ ላይ «5,000 ኪሎሜትር ይበራል» የተባለ ጄት የተለካው ከባሕር ወለል ደረጃ ተነስቶ ነው፣ ከቦሌ በሞቃት ቀትር ላይ 8 ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ያን ያህል ላይሄድ ይችላል። የቻርተር ድርጅቱን «ከአዲስ አበባ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ሰው ብዛት ሳታርፉ ትደርሳላችሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። ጄቱ ናይሮቢ ወይ ዱባይ የሚያድር ከሆነ ባዶውን መጥቶ ባዶውን የሚመለስበትም በናንተ ሒሳብ ነው፣ የመብረርና የማረፍ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣና ፈቃዱ ቢዘገይ ጄቱ ቆሞ የሚያስከፍለውን ማን እንደሚችል ደሞ ቀብዱን ከመላካችሁ በፊት ውሉ ላይ ይጻፍ።